ከበሮዎቻችሁ ለምን ተደበላለቁ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ጅማ የምንኖር አምስት ልጆች ነን። አንዱ ሳክስፎን ይነፋል፣ አንዷ ኪቦርድ ትጫወታለች፣ ሦስታችን ከበሮ መቺዎች ነን። ከበሮ፣ ድቤ፣ የኩባው ኮንጋ፣ የምዕራብ አፍሪካው ጀምቤ፣ እንደ ሳጥን ተቀምጠውበት የሚመቱት ካሆን አለን፤ ከህንድ የመጣ ታብላም አግኝተናል። የተለያዩ አገሮችን ከበሮ ከጃዝ ጋር ያዋሃደ፣ ሽልማትም ያገኘ አልበም ሰምተን ነው የተነሳሳነው። የራሳችንን ልንሠራ እየሞከርን ነው። ስንለማመድ ደስ ይላል። ስንቀዳው ግን ይጨማለቃል፤ የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም። የጎደለን መሣሪያ ነው ወይስ እውቀት? ሽልማትስ ማሰብ እንችላለን?»

ልጆች፣ ጥያቄያችሁን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔም ጅማ ነው ያደግኩት። በእናንተ ዕድሜ ይሄንኑ የሚጠይቅ ሰው አጠገቤ ቢኖር ደስ ባለኝ ነበር። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

መሣሪያ አልጎደላችሁም፤ እንዲያውም በዝቶባችኋል። ማን መቼ ዝም እንደሚል ገና አልተነጋገራችሁም። ችግሩ እዚያ ጋ ነው ያለው።

መጀመሪያ ስለ አልበሙ። ስሙን አልጻፋችሁትም። ከገለጻችሁት ተነስቼ ግን ሁለት አልበሞች ይመጡብኛል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) አንደኛው «ፕላኔት ድራም» ነው። የአሜሪካው ሮክ ባንድ የግሬትፉል ዴድ ከበሮ መቺ የነበረው ሚኪ ሃርት በ1991 ያወጣው ነው። ግራሚ፣ ትልቁ የአሜሪካ የሙዚቃ ሽልማት፣ «ምርጥ የዓለም ሙዚቃ አልበም» የሚል ዘርፍ ሲጀምር፣ በ1992 የመጀመሪያውን ሽልማት የወሰደው እሱ ነው። ሁለተኛው የሳክስፎን ተጫዋቹ የፖል ዊንተር «ሚሆ» ነው። በጃፓን ተራራ ላይ ካለው ሚሆ ሙዚየም ጋር የተያያዘ ሥራ ነው፤ በ2011 በኒው ኤጅ (መንፈስን የሚያረጋጋ ሙዚቃ) ዘርፍ ግራሚ አግኝቷል።

ሁለቱ ይለያያሉ፤ ለእናንተ ደግሞ ልዩነቱ ወሳኝ ነው። «ፕላኔት ድራም» ከሞላ ጎደል ከበሮና የሰው ድምፅ ነው። ሳክስፎን የለበትም፣ ኪቦርድ ፊት አይወጣም። ጃዝ ብሎ ለመጥራት ይከብዳል። የፖል ዊንተር መንገድ ግን ሳክስፎኑን መሀል አስቀምጦ ከበሮውን ዙሪያውን ያለብሰዋል። በእሱ ቡድን ውስጥ ለብዙ ዓመታት የሠራው ግሌን ቬሌዝ፣ በአንድ እጅ ይዘው በሌላው ጣት የሚመቱትን ሰፌድ የመሰለ ከበሮ የተካነ ሰው ነው። አንድ ስስ ቆዳ፣ አንድ ሰው። ብዙ ጊዜ ለሳክስፎን ከዚያ በላይ አያስፈልገውም። እናንተ ሳክስፎን ስላላችሁ ወደ ሁለተኛው ትቀርባላችሁ። የሰማችሁት የመጀመሪያውን ከሆነ ግን ያ ሁሉ ከበሮ አማሏችሁ ይሆናል። አይፈረድባችሁም፤ እኔንም አማሎኝ ያውቃል።

አሁን «ፕላኔት ድራም» ላይ እነማን እንዳሉ ልብ በሉ። ከህንድ ዛኪር ሁሴን በታብላ (ነፍሱን ይማር፣ በታኅሣሥ 2024 አረፈ)። ከደቡብ ህንድ ቪናያክራም በጋታም። ከናይጄሪያ ባባቱንዴ ኦላቱንጂና ሲኪሩ አዴፖጁ። ከብራዚል አይርቶ ሞሬይራና ድምፃዊቷ ፍሎራ ፑሪም። ከፖርቶሪኮ ጆቫኒ ሂዳልጎ በኮንጋ። ይህ ሁሉ ሰው ተሰብስቦ ለምን አልተጨማለቀም?

አንዱ ምክንያት የመሣሪያዎቹ ጉሮሮ ነው። ታብላ ቆዳው ላይ ያ ጥቁር ክብ አለ አይደል? የብረት ብናኝ ያለበት ልጥፍ ነው። ቆዳውን ያከብደውና ድምፁን ያጠራዋል፤ ለዚህ ነው ታብላ እንደ ዜማ መሣሪያ የሚዘምረው። ጋታም ቆዳ የለውም፤ ሸክላ ነው፣ የእኛ እንስራ ዘመድ። አዴፖጁ የሚመታው «ተናጋሪ ከበሮ» ደግሞ ወገቡ ቀጭን ነው። ብብት ሥር ይዘው ገመዱን ሲጨምቁት ድምፁ ይወጣል፣ ሲለቁት ይወርዳል። የዮሩባ ቋንቋ ራሱ በድምፅ መውጣትና መውረድ ትርጉም የሚለይ ስለሆነ፣ ከበሮው እውነትም ይናገራል። እንግዲህ አንዱ ይዘምራል፣ አንዱ ይናገራል፣ አንዱ እንደ ሸክላ ይጠቀጠቃል። ማንም የማንንም ወንበር አልወሰደም።

ሌላው ምክንያት የበለጠ ይገርመኛል። ሃርት በ2007 «ግሎባል ድራም ፕሮጀክት» የሚል አልበም ሲሠራ ዋናዎቹን ተጫዋቾች አራት ብቻ አደረጋቸው። እሱ፣ ዛኪር ሁሴን፣ አዴፖጁና ሂዳልጎ። ያም በ2009 ግራሚ ወሰደ። ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ፣ ያን ሁሉ ልምድ ይዘው፣ ሰው ቀነሱ እንጂ አልጨመሩም።

ይህን ነገር እኔ መጀመሪያ የተማርኩት ግን ከአልበም አይደለም። ልጅ ሆኜ አክስቴ ቤት፣ ሄርማታ አካባቢ፣ በርበሬ የሚወቀጥበት ቀን ነበር። አንድ ትልቅ ሙቀጫ፣ ሁለት ሴቶች፣ ሁለት ዘነዘና። አንዷ ስታነሳ ሌላዋ ታወርዳለች። ዱም፣ ድም፣ ዱም፣ ድም። እኩል ቢያወርዱ ዘነዘናው ይጋጫል፤ ስለዚህ አይሳሳቱም። አክስቴ ደግሞ አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ ጠርዝ ላይ የወጣውን በርበሬ በእጇ ወደ ውስጥ ትመልሳለች። በሁለቱ ምት መካከል። እጇን ሰደድ ታደርግና ታወጣለች፣ እንደገና ሰደድ። አንድም ቀን ተመታ አላየሁም። ክፍተቱ የት እንዳለ ጆሮዋ ያውቃል። ለእኔ የከበሮ ቡድን ማለት ያ ነው። አክስቴም አንዷ ተጫዋች ነበረች፤ የእሷ ምት ዝምታው ውስጥ ነው።

ይህን እያወቅኩም አጥፍቻለሁ። የመጀመሪያ ቅጂዬን የሠራሁት አንድ ትንሽ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ስድስት ከበሮ፣ አራት በአራት የማይሞላ ክፍል፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ። ባለሙያው «ችግር የለም፣ ሚክስ ላይ ይስተካከላል» አለን። አልተስተካከለም። ሦስት ቀን አዳመጥኩት፤ ከአንድ ትልቅ ጉምጉምታ በቀር የያዘው ነገር አልነበረም። የከፈልነው ገንዘብ ሄደ፣ ከቡድኑ ሁለቱ ተስፋ ቆርጠው ተዉት። እናንተ እዚህ እንዳትደርሱ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

ወደ ሥራው እንግባ። ጉምጉምታው የሚመጣው ከታች ነው። ከ150 ኸርዝ (በሴኮንድ 150 ንዝረት) በታች ያለውን፣ ወፍራም ድምፅ የሚቀመጥበትን ቦታ ጠባብ አግዳሚ ወንበር በሉት፤ ሁለት ሰው አያስቀምጥም። እናንተ እዚያ ላይ የከበሮውን ሰፊ አፍ፣ የጀምቤውን የመሀል ምት፣ የካሆኑን ወፍራም ድምፅ፣ በዚያ ላይ የኪቦርዱን ግራ እጅ ደርድራችኋል። አንዱን ምረጡ። እኔን ብትጠይቁኝ የምመርጠው ከበሮውን ነው፤ ሌላ አገር የሌለ ድምፅ አለው። ካሆኑን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጉት። ጀምቤው ይኑር፣ ግን ጠርዙ ብቻ ይመታ። ኪቦርዷ ግራ እጇን አንድ ኦክታቭ፣ ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያህል፣ ወደ ላይ ታውጣ። ይህን ብቻ አድርጋችሁ ቅዱት፤ ግማሹ ችግር እዚያው ይጠፋል።

ቀጥሎ ቅኝት። ከበሮ ቅኝት የለውም የሚል ሰው ይኖራል። አለው። ኮንጋችሁን በቁልፍ፣ ታብላችሁን በመዶሻ ትቃኛላችሁ አይደል? ከዘፈኑ ጋር ይስማማ። ትዝታ ሜጀር ላይ ከሆናችሁ፣ ከዶ ተነስቶ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ዝቅተኛውን ኮንጋ ሶል፣ ከፍተኛውን ዶ ብታደርጉት ቤቱ ነው። ግን አንቺሆዬ ላይ ስትሄዱ ይሄ ቅኝት ይጣላችኋል። አንቺሆዬ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ ነው (ፍላት ማለት ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው)፤ ሶል ውስጡ የለም። ኮንጋው በየመለኪያው ሶል እያለ ሲደበድብ ሳክስፎኑ ሶል ፍላት ላይ ይቀመጣል። ሰሚው ምን እንደሆነ ሳያውቀው ጆሮው ይቆረቁረዋል። ኮንጋዎቹን ዶና ፋ አድርጓቸው። የታብላው ትንሹ ደግሞ መነሻው ላይ ይቃኝ፤ ህንዶቹም የሚያደርጉት እንደዚያ ነው። ሁለት ዘፈን በሁለት ቅኝት አንድ ቀን አትቅዱ።

የእኛ ከበሮና ድቤ ቁልፍ የላቸውም። የሚቃኙት በፀሐይና በእሳት ነው። እዚህ ላይ ጅማ ትፈትናለች። ዝናቧ ከሌላው ቀድሞ ይጀምራል፣ ዘግይቶ ይወጣል። ቆዳ እርጥበት ሲጠጣ ይረግባል፣ ድምፁ ይወርዳል። ጠዋት የቀዳችሁት ከበሮና ከሰዓት የቀዳችሁት አንድ አይሆኑም። ከሰል አጠገብ አሙቁት፣ ግን እጃችሁ የማይችለውን ሙቀት ቆዳውም አይችለውም። እጃችሁን ቆዳው ላይ አድርጉ፤ ካቃጠላችሁ ከከሰሉ አርቁት። የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርደውን ዝናብ ደግሞ ምንም ማይክ አያጠፋላችሁም። ቀረጻውን ከኅዳር እስከ ጥር አድርጉት።

ቦታውስ? ስቱዲዮ ከሌላችሁ የምነግራችሁ አንድ ነገር አለ፣ ሞክሬው ስለማውቅ ነው። የቡና መጋዘን። ጆንያ እስከ ጣሪያ የተደረደረበት። ቡና የሞላ ጆንያ ድምፅ ይጠጣል፤ በጣም ውድ የስቱዲዮ ግድግዳ የሚሠራውን ሥራ ይሠራል። በጆንያዎቹ መሀል አንድ ከበሮ መትታችሁ ዝም በሉ። ምቱ እዚያው ይቆማል፣ አይንጫጫም። መጋዘን ያለው ዘመድ የሌለው የጅማ ልጅ ይኖራል ብዬ አላስብም። ከገበያ ቀን ውጪ ለምኑ።

ማይክ ላይ ብዙ አልቆይም። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። አንድ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሚሊሴኮንድ ይፈጅበታል ማለት ነው። አንድ ከበሮ ራሱ ማይክ ውስጥ ወዲያው ይገባል፤ ሦስት ሜትር ርቆ ያለው የጓደኛው ማይክ ውስጥ ከዘጠኝ ሚሊሴኮንድ በኋላ ይገባል። ሁለቱ ሲደመሩ ይበላላሉ፣ ድምፁ ይቀጥናል። የድሮ ባለሙያዎች ሦስት ለአንድ የሚሉት ሕግ አላቸው። ማይኩ ከከበሮው 30 ሳንቲሜትር ላይ ከሆነ፣ ቀጣዩ ማይክ ቢያንስ 90 ሳንቲሜትር ይራቅ። ሁለት ማይክ ብቻ ካላችሁ ደግሞ አትጨነቁ። ከበሮውን ብቻ ቀድታችሁ ሌላውን በላዩ ጨምሩ።

አሁን የምወደው ክፍል ላይ ደረስን። ምቱ።

የእኛ ችክችካ ስድስት ለስምንት ነው፣ ረጅም-አጭር፣ ረጅም-አጭር። የኮንጋ ልጅ ከኩባ አራት ለአራት ለምዶ ሊመጣ ይችላል። ታብላው በአሥራ ስድስት ይቆጥራል። ሁሉም የየአገሩን ይዞ ሲገባ ነው የሚጋጨው። መውጫው አሥራ ሁለት ነው። አሥራ ሁለት በሁለትም፣ በሦስትም፣ በአራትም፣ በስድስትም ይካፈላል። ሦስታችሁ ክብ ሥሩና ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ድምፅ አውጥታችሁ፣ ዝግ ብላችሁ ቁጠሩ። ከበሮ መቺው 1፣ 3፣ 4፣ 6፣ 7፣ 9፣ 10፣ 12 ላይ ያጨብጭብ፤ ያ ችክችካ ነው። ሁለተኛው 1፣ 4፣ 7፣ 10 ላይ ብቻ። ሦስተኛው 1፣ 5፣ 9 ላይ ብቻ። ቁጥር አንድ ላይ ሁላችሁም ትገናኛላችሁ፣ ከዚያ ትበታተናላችሁ፣ ተመልሳችሁ ቁጥር አንድ ላይ ትገናኛላችሁ። መጀመሪያ ይጠፋባችኋል። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ግን ሦስተኛው ልጅ ሦስት ጊዜ ብቻ እያጨበጨበ ሁሉንም እንደሚያወዛውዝ ይገባችኋል። አክስቴን ያን ጊዜ አስታውሱልኝ።

ይሄን መንገድ እኛ አልጀመርነውም። ሙላቱ አስታጥቄ በ1943 እዚሁ ጅማ ነው የተወለዱት። ዌልስ ሄደው ተማሩ፣ ከዚያ ለንደን፣ ከዚያ ቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገቡ። በ1966 ኒውዮርክ ላይ «አፍሮ ላቲን ሶል» የሚሉ ሁለት አልበሞችን አወጡ። የእኛን ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ከላቲን ከበሮ ጋር አገናኙት። እና አንድ ነገር ልብ በሉ። የእሳቸው ዋና መሣሪያ ቫይብራፎን ነው። ቫይብራፎን የሚመታ መሣሪያ ነው፤ ከብረት የተሠራ የከበሮ ዘመድ። ኢትዮ ጃዝ ከመነሻው በሚመታ መሣሪያ ነው የተመራው ማለት ነው። ሥራቸውን ስትሰሙ ቫይብራፎኑ መትቶ ድምፁ እስኪያልቅ የሚጠብቅበትን ቦታ ፈልጉ። ኮንጋው የሚገባው እዚያ ነው። እንደ ጅማ ልጅ ይሄን ሳስብ ደረቴ ይሞላል፤ አልደብቅም።

አንድ ከባድ ነገር ልንገራችሁ። ከበሮውና ድቤው ተራ ዕቃ አይደሉም። ከበሮው የማኅሌት ነው። በአባቶች ትምህርት ሰፊው አፍ መለኮትን፣ ጠባቡ ትስብእትን ያመለክታል። ድቤው መንዙማ የሚወጣበት ነው፤ ጅማ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ የሚመታበት ቤት ታውቃላችሁ። ዕቃውን ለጃዝ ማዋል አንድ ነገር ነው። ወረቡን ወይም መንዙማውን ቀድቶ ኪቦርድ ሥር መክተት ሌላ ነገር ነው። የኋለኛውን ከማድረጋችሁ በፊት ሄዳችሁ ሽማግሌዎቹን ጠይቁ። መሪጌታውን ጠይቁ፣ ሼኩን ጠይቁ። እሺ ካሉ ስማቸውን አልበሙ ላይ ጻፉ፣ ድርሻቸውንም ስጡ። እምቢ ካሉ ተዉት። ምቱን ከሠርግ፣ ከጨዋታ፣ ከሙቀጫ ውሰዱ። ሀብቱ ሞልቷል።

ስለ ሽልማቱ ጠይቃችኋል፣ በአጭሩ። ኒው ኤጅ የሚባለው የግራሚ ዘርፍ በ1987 ነው የተጀመረው፤ መጀመሪያ ያገኘው የበገና ቤተሰብ የሆነውን ሃርፕ የሚጫወተው የስዊሱ አንድሪያስ ቮለንቫይደር ነው። አሁን ስሙ ሰፍቶ አምቢየንትን (ከበስተጀርባ በዝግታ የሚፈስ ሙዚቃ) እና የጸሎት ዜማን ጨምሯል። ለመወዳደር ሥራው በውድድሩ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የቀረበ መሆን አለበት። የሚያስገባውም ግራሚን የሚሰጠው አካዳሚ አባል ወይም የተመዘገበ አሳታሚ ነው። በር አለው ማለት ነው፣ ዝግ አይደለም። ግን አሁን አታስቡት። ሽልማት እያሰበ የሚመታ ሰው ቶሎ ቶሎ ይመታል፤ ቀረጻ ላይ ይሰማል።

ለዚህ ሳምንት የማዛችሁ ይሄን ነው። ካሆኑን፣ ጀምቤውን፣ ታብላውን አስቀምጡ። ከበሮ፣ አንድ ኮንጋና ሳክስፎን ብቻ ይዛችሁ ትዝታ ላይ አራት ደቂቃ ተጫወቱ፣ በስልክ ቅዱት። ሌሎቹ ሁለታችሁ ቁጭ ብላችሁ ስሙ። የት ቦታ ላይ መግባት እንዳማራችሁ በወረቀት ጻፉ፣ በደቂቃና በሴኮንድ። ከዚያ ከጻፋችሁት ግማሹን ሰርዙ። በቀረው ግማሽ ላይ ብቻ ታብላው ይግባ። ሁለቱንም ቅጂ ላኩልኝ፣ የመጀመሪያውንም የሁለተኛውንም። አዳምጬ መልስ እጽፍላችኋለሁ።